ወደ መድረኩ የዞሩት ጡሩምባዎች

ድምፅ ክፍል የተቀጠርኩ ዕለት አለቃዬ አቶ ደበበ መፍቻ ሰጡኝና ምሰሶ ላይ አወጡኝ። "ሽቦውን ከማሰርህ በፊት ራስህን እሰር" አሉኝ። ሌላ ሥልጠና አልነበረም። ከዚያ በኋላ ደርግ እስኪወድቅ ድረስ ሀዋሳ ላይ ሰልፍ በተጠራ ቁጥር ሽቦ ስዘረጋ ኖርኩ። ሰልፉ ደግሞ ማለቂያ አልነበረውም።

የሥራው ሕግ ቀላል ነው። ጡሩምባ የምንላቸው ድምፅ ማጉያዎች ጀርባቸውን ለመድረኩ፣ አፋቸውን ለሕዝቡ ይሰጣሉ። ማይክራፎኑ የራሱን ድምፅ መልሶ ከሰማ ያፏጫል። ይህን ለካድሬ ማስረዳት ግን ጨጓራ ይልጣል።

በአንድ የአብዮት በዓል ጠዋት የሰልፉ ኃላፊ የነበረው ካድሬ መጥቶ ጡሩምባዎቹን አየ።

"ለበላይ ጓዶች ጀርባ ይሰጣል እንዴ? ይኼ ንቀት ነው! አዙሯቸው!"

አቶ ደበበ ሊያስረዱት ሞከሩ። "ትእዛዝ ነው!" አለ። አዞርናቸው፤ ምን እናድርግ!

ከአዲስ አበባ የመጡት እንግዳ ንግግር ሲጀምሩ ሜዳው በፉጨት ተናወጠ። ድምፁን ስቀንሰው ከኋላ ያለው ሕዝብ "አይሰማም!" ይላል። ስጨምረው ያፏጫል። ካድሬው አንድ ጠመንጃ የያዘ አብዮት ጠባቂ አስከትሎ እየሮጠ መጣ።

"አሻጥር ነው!" ብሎ የአቶ ደበበን ኮሌታ ጨምድዶ ያዘ። በዚያች ቃል ተወስዶ ያልተመለሰ ሰው አውቃለሁ። ንዴቴ ግን ከፍርሃቴ ባሰ፤ "ያስዞርከው አንተ!" ልለው ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር።

አቶ ደበበ ኮሌታቸው እንደተያዘ፣ ሻይ እንደሚያዝዝ ሰው ረጋ ብለው፣ "ልጄ፣ የሚያፏጨው የትኛው ነው?" አሉኝ።

"ማይክራፎኑ ፊት ለፊት ያሉት ሁለቱ።"

"እነሱን አዙር። ሌላውን ተወው።"

"ያለ እኔ ፈቃድ?" አለ ካድሬው።

"ጓድ፣ እርስዎ ይዘዙ እንጂ። ሕዝቡ መልእክቱን ይስማ።"

ትንሽ አሰበና "ምን ትጠብቃለህ? አዙር!" ብሎ ጮኸብኝ።

ምሰሶው ላይ ወጣሁ። ከታች እሱ ይሳደባል፣ አብዮት ጠባቂው ጠመንጃ ያቀባብላል። ብሎኑን ፈታሁ፣ አዞርኩ፣ አጠበቅኩ። ሁለተኛውንም እንደዚያው። ፉጨቱ ቆመ። አቶ ደበበ ተለቀቁ።

በማግሥቱ በስብሰባ ላይ ችግሩን በአብዮታዊ ቆራጥነት የፈታው ካድሬው እንደሆነ ተነገረን። አጨበጨብን። ለሚቀጥለው በዓልም ጡሩምባዎቹ ወደ መድረኩ ይዙሩ ብሎ አዘዘ!

ካድሬውን ዝም ማሰኘት ሥራችን አልነበረም፤ ጡሩምባውን ዝም ማሰኘት ግን ሥራችን ነበር። የጭንቅ ቀን ሲመጣ የእናንተ የሆነውን ለዩና እሱን ብቻ ሥሩ።