የኢንጂነር ሪም አንድ ዓመት

ባለፈው ሳምንት የወንድሜ ልጅ ከአዲስ አበባ ደውላ የምሥራች አለችኝ። ከመንግሥት ውጭ የሚሠሩ ባለሙያዎችን ለአንድ ዓመት ወደ መንግሥት መሥሪያ ቤት የሚያስገባ፣ ፌሎሺፕ የሚሉት ፕሮግራም አለ፤ በእሱ ተመርጣ ክልል ጤና ቢሮ ልትገባ ነው። የተማረችው ኮምፒውተር ነው። «አክስቴ፣ እኔ ስለ ሕክምና ምን አውቃለሁ?» ብላ ስትጨነቅ ሳቄ መጣ። እኔ በእንዲህ ያለ ፕሮግራም ሆስፒታል ስትሠራ የማውቃት እኮ ሰው አውሮፕላን ላይ ስታሳፍር የኖረች፣ መርፌ ይዛ የማታውቅ ሴት ነበረች አልኳት። ማን እንደሆነች ሳልነግራት ስልኩ ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ነገሩ ከሐሳቤ አልወጣም።

ያኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ሳውዲ፣ ደማም ከተማ ውስጥ አል መዝሩዒያ በሚባለው ሰፈር በሰው ቤት እሠራ ነበር፤ በእኛ አቆጣጠር 2008 ዓ.ም. አካባቢ መሆኑ ነው። ማዳሜ የመንግሥት ሆስፒታል የነርሶች ኃላፊ ነበረች። ቁጣዋ ቶሎ የሚነድ፣ ቶሎ የሚበርድ ሴት ናት፤ ጠዋት ጮኻብኝ ከሰዓት ቴምር ታጎርሰኛለች።

እሷ ሆስፒታል ነው ኢንጂነር ሪም የምትባል ዮርዳኖሳዊት እንዲህ ባለ የአንድ ዓመት ፕሮግራም የመጣችው። ሙያዋ አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መንገደኛ እንዳይንገላታ ተራ ማስያዝ ነው። ዶክተሮቹ «ሻንጣችንን ልትመዝንልን መጣች» እያሉ ሲያሾፉባት አብራቸው ትስቃለች። የተሰጣት ሥራ፣ ቀጠሮ ተይዞላቸው የማይቀርቡ ሕመምተኞች ለምን እንደሚቀሩ ማጣራት ነበር። ስታጣራ ከሚቀሩት ብዙዎቹ የሐበሻ ሴቶች ሆነው አገኘቻቸው። ቋንቋቸውን የሚያውቅ ሰው ስትፈልግ ማዳም «የእኔን ውሰጂ፤ ዓረብኛዋ ከወጥ አሠራሯ ይሻላል» አለቻት። ወጤን የነካችበትን ነገር እስካሁን አልተውኩላትም።

በሳምንት ሁለት ጠዋት ከማዳም ጋር መሄድ ጀመርኩ። ሻጢእ በሚባለው ሰፈር በኩል ባሕሩን ይዘን እንነዳና መንገድ ዳር ቆመን የወተት ሻይና በቺዝ የተሞላ ትኩስ ዳቦ እንገዛለን። የሐምሌና የነሐሴ ወበቅ ጉድ ነው፤ ከቀዝቃዛው መኪና ስንወርድ የማዳም መነጽር በእንፋሎት ይሸፈንና እስኪጠራላት ክንዴን ይዛ ትቆማለች። ለእኔ እነዚያ ጠዋቶች ሽርሽር ነበሩ። መጥረጊያ ሳይዙ ከቤት መውጣት ቀላል ነገር አይደለም።

አልማዝ የጎረቤታችን ቤት ሠራተኛ ነበረች፤ የደብረ ታቦር ልጅ። ወሬዋ አያልቅም፤ ልብስ ስታሰጣ ዘፈኗ አጥሩን ተሻግሮ እኛ ጋ ይሰማል። አንገቷ ላይ እንቅርት ነበረባት። እያደገ ትንፋሿን ሲይዛት ሐኪሙ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት አለ። አንድ ቀጠሮ አልፏታል። የሥራ ውሏ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ነው የቀረው፤ አሠሪዎቿም ኹሩጅ፣ ማለትም የመጨረሻ መውጫዋን፣ ሊያስመቱላት ወስነዋል። እስከዚያ ካልታከመች ያንን አንገት ይዛ አገሯ ልትገባ ነው። «በጀርባዬ ስተኛ ያንቀኛል» ስትለኝ አንጀቴን ትበላው ነበር።

በሁለተኛው ቀጠሮ ዕለት አጠገቧ ተቀመጥኩ። ነርሷ በሩን ከፍታ «ኸዲጃ ሙሐመድ» አለች። መልስ የለም። ደገመችው። አልማዝ ብርቱካን እየላጠች ስለ ማዳሟ ልጆች ታወራኛለች። ነርሷ ሌላ ሰው አስገባች። እስከ ቀትር ጠብቀን ብንጠይቅ፣ ቀጠሮዋ «አልቀረበችም» ተብሎ ተዘግቷል።

«ዘሃርዬ፣ እነዚህ ሰዎች ሆን ብለው ነው የማይጠሩኝ» አለችኝ፣ በር ላይ መኪና ስንጠብቅ።

«ኢቃማሽ ላይ ስምሽ ማን ይላል?» አልኳት፤ የመኖሪያ ፈቃዷን ማለቴ ነው።

ትንሽ አሰበች። «ኸዲጃ።»

«ታዲያ ኸዲጃ ሲሉ አልሰማሽም?»

«ሰማሁ እንጂ። ይቺ ሴትዮ ተራዋ ደርሶ የት ሄዳ ነው ብዬ አዘንኩላት።»

ያን ጊዜ አንዳንድ ደላላ ጉዞው ቶሎ ይሳካል እያለ ለክርስቲያኖቹ እህቶቻችን በእኛ በሙስሊሞቹ ስም ፓስፖርት ያስወጣላቸው ነበር። አልማዝን የቤቱ ልጆች ሉሉ ነው የሚሏት፤ ሐበሻው አልማዝ ይላታል። ኸዲጃ ብሎ የጠራት ሰው አልነበረም።

ዓርብ ዕለት ራካ በሚባለው ሰፈር የአገር ልጆች በሚሰበሰቡበት ክፍል ነገሩን ሳነሳ፣ ከሴቶቹ ግማሾቹ እንደ አልማዝ ሆነው ተገኙ። ሽሮው እየተንተከተከ ልምምድ ጀመርን። እኔ ነርስ ሆኜ በሩ ላይ ቆሜ «ፋጡማ» እላለሁ፤ አንዷ ሌላዋን ታያለች። የራሷ ስም ሲጠራ ጎረቤቷን «ተነሺ እንጂ» ብላ የጎሸመች ሁሉ ነበረች። በሳቅ ሞትን። ሳቁ ሲያልቅ ግን ፍርሃቱ መጣ። ይህ የእኔ ስም አይደለም ብሎ ለሆስፒታል መናገር፣ ወረቀቴ ሐሰት ነው ማለት ነው። «ዘሃራ፣ ሙሽኪላ ውስጥ፣ ችግር ውስጥ እንዳታስገቢን» አሉኝ። ወላሂ አልናገርም ብዬ ማልኩላቸው።

ኢንጂነር ሪም ፊት ስቆም ታዲያ መሐላዬ አለብኝ። ዋሽቼ ላመልጥ አልፈለግሁም፤ የአልማዝ ትንፋሽ ጉዳይ ነው። «ሴቶቹ አይቀሩም፤ እዚሁ ተቀምጠዋል። ግን ሲጠሩ...» ብዬ ቆምኩ።

እጇን አነሳች። «አትጨርሺው። እዚህ ለአንድ ዓመት ነው የመጣሁት፤ በሥራዬ ላይ የሰማሁትን ሁሉ ለአለቆቼ አቀርባለሁ። ያልሰማሁትን ማንም አይጠይቀኝም።» የቀጠሮ መዝገቧን ዘጋችና «ስም መጥራቱን ብንተወውስ? ይበቃል?» አለች።

«ይበቃል።»

«ኸላስ፤ አለቀ።»

ለአዲሱ አሠራር ከየኃላፊው የፈቃድ ፊርማ መልቀሙ ሳምንታት ፈጀ፤ በመጨረሻ ግን መዝገብ ቤት ለገባ ሁሉ ቁጥር ያለበት ካርድ መስጠት ተጀመረ። ነርሷም ቁጥሩን ትጠራለች። የዓረብኛ ቁጥር ገበያ የሄደ ሐበሻ ሁሉ ያውቀዋል። የመጀመሪያው ቀን ግን ቁጥሩ ሁሉ ተደበላለቀ። ለካ ሴቶቻችን ታላቅ ሲመጣባቸው ወንበር እንደሚለቁ ሁሉ ካርዳቸውንም ለቀዋል፤ «እትዬ፣ እርስዎ ይቅደሙ» እየተባባሉ ሲለዋወጡ የጉልበት ሕመምተኛዋ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ገባች። ኢንጂነር ሪም ስነግራት እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ከዚያ አዳራሹ መሐል አቆመችኝና «ወንበር መልቀቅ ይቻላል፤ ቁጥር መልቀቅ ግን አይቻልም» አስባለችኝ።

አልማዝም ቁጥሯ ሲጠራ ቀጥ ብላ ተነሳች። የኦፕራሲዮን ቀን ተቆረጠላት። ሐኪሙ አስቀድሞ፣ ቦታው ለድምፅ አውታር ቅርብ ስለሆነ ድምፅ ሊጎዳ እንደሚችል ነግሯት ነበር። ያን ሰሞን ልብስ ስታሰጣ አልዘፈነችም።

ኦፕራሲዮኑ አልቆ ኮሪደር ላይ ስጠብቅ አንዲት ፊሊፒናዊት ነርስ ወጥታ ጠራችኝ። አልማዝ አልጋው ላይ ዓይኗን ጨፍና ተኝታለች። ነርሷ ጉንጯን መታ መታ እያደረገች «ኸዲጃ፣ ኸዲጃ» ትላለች። ምንም የለም። የነርሷ ፊት ላይ ጭንቀት ታየ። መሐላዬ ትዝ አለኝ፤ ግን ጎንበስ ብዬ በጆሮዋ «አልማዝ» አልኳት።

«አቤት» አለች። ሻካራ ነው፤ ግን የራሷ ድምፅ ነው።

አልሐምዱሊላህ ብዬ አለቀስኩ። ነርሷ አልማዝ እጅ ላይ የታሰረውን የስም መታወቂያ አየች፤ እኔን አየችኝ። ከዚያ ብርድ ልብሱን አስተካክላላት ወደ ሌላው አልጋ ሄደች።

የኢንጂነር ሪም ዓመት ሲያልቅ ማዳም ነርሶቹ ክፍል ውስጥ ኬክ አስቆረሰችላት። አልማዝም የምትሳፈርበት ቀን ደርሶ ነበርና ይዣት ሄድኩ። ሻርፗ ጠባሳዋን ሸፍኖታል። ቀጥ ብላ ሪም ፊት ቆመች።

«ኢንጂነር፣ ሥራሽ አለቀ?» አለቻት በዚያ በተሰባበረ ዓረብኛዋ።

«አለቀ። ዛሬ ጠዋት የመሥሪያ ቤቱን መታወቂያ አስረክቤያለሁ።»

«ከአሁን በኋላ ለአለቃ የምታቀርቢው የለም?»

«ማፊ፤ ምንም የለም።»

«እንግዲያው ስሜ አልማዝ ነው።»

ሪም ሁለት እጆቿን ያዘችና ስሟን ቀስ ብላ፣ አጥርታ ጠራቻት። ከዚያ ተቃቅፈው ቆሙ፤ እኔም ኬኬን ይዤ ቀረሁ።

አሁን ከሚሴ ተቀምጬ ሳስበው፣ ያቺ ሴት ስለ ሕክምና እስከ መጨረሻው ምንም አላወቀችም። የወንድሜ ልጅ መልሳ ስትደውል የምነግራት ነገር ይኸው ነው። ሰዎቹን ሳታስጨንቂ አገልግያቸው፤ ዓመትሽ ሲያልቅ ራሳቸው መጥተው ስማቸውን ከነገሩሽ፣ ሥራሽን ሠርተሻል እላታለሁ።