ያልተነበበ አይፈረምም

አክስቴ ገነቴ ስለ ራሷ ሁለት ዓረፍተ ነገር አከታትላ ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ስለ እርሷ ለመጻፍ ስነሣ ያሳሰበኝም ይኸው ነው፤ እርሷ ሳትናገረው የኖረችውን እኔ ስናገረው ድፍረት እንዳይሆንብኝ እፈራለሁ። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ልጽፍ ወስኛለሁ። ከሌላ ሰው የሰማሁት ሲሆን ከማን እንደ ሰማሁት እናገራለሁ።

አክስቴ ከዱራሜ ወደ ሀደሮ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ትኖራለች። የምትሠራው በወረዳው ፍትሕ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሴክሬታሪ ናት። ዐቃቤ ሕጎች የሚያዘጋጁትን ክስ ትተይባለች፣ ደብዳቤ ታወጣለች፣ ጠበቃ ማቆም የማይችሉ ሰዎች አቤቱታ ለማስጻፍ ሲመጡ ቃላቸውን ተቀብላ ትጽፋለች። ጠረጴዛዋ በመስኮት ሥር ነው። በመስኮቱ ሲታይ ከበረንዳው ላይ ባለጉዳዮች ተራ የሚጠብቁበት የባሕር ዛፍ አግዳሚ አለ፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከቆርቆሮው የሚወርደው ውኃ ጫፍ ላይ የተቀመጠውን ሰው ስለሚነካው ሁሉም ወደ መሐል ይጠጋጋል።

በዚያ ክፍል ውስጥ እንግዳ የሚሆነው ነገር የወንበሩ አቀማመጥ ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ባለጉዳይ ከጠረጴዛው ማዶ፣ ከጸሐፊዋ ፊት ለፊት ይቀመጣል። አክስቴ ግን የባለጉዳዩን ወንበር ከራሷ ጎን ነው ያደረገችው። ለምን እንደ ሆነ አንድ ጊዜ ብጠይቃት፣ «ፊት ለፊት ሲሆን ክርክር ይመስላል» አለችኝ።

የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነው። ከአግዳሚው ላይ ከሚነሡት ሰዎች ብዙዎቹ ግን፣ በተለይ ሽማግሌዎቹና አሮጊቶቹ፣ የልባቸውን የሚናገሩት በከምባትኛ ነው። አክስቴ የነገሯትን በአማርኛ ከጻፈች በኋላ ከመጀመሪያው መስመር ጀምራ በከምባትኛ ታነብላቸዋለች። «እንዲህ ብለሻል?» ትላለች። አይደለም ካሏት ታስተካክላለች። የቀለሙን ቆርቆሮ ከፍታ አውራ ጣታቸውን የምታስነካው ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ዐቃቤ ሕጉ ቸኩሎ ሲመጣባት እንኳ ከእነዚህ ሦስት ቃላት ሌላ መልስ የላትም፤ «ያልተነበበ አይፈረምም፣ ጌታዬ።»

ባለፈው ዓመት የወረዳው ሠራተኛ ሁሉ የሥራ መደብ እንደ አዲስ ተመዝኖ ደረጃ ይወጣለታል ተባለ። ለእያንዳንዱ ሠራተኛ መጠይቅ ታደለ። እኔ ከሆሳዕና ከተማ ለክረምቱ ዕረፍት ወደ እርሷ ቤት መጥቼ ስለነበር አክስቴ መጠይቁን ስትሞላ አጠገቧ ነበርኩ። «በሥራ መደብዎ የሚያከናውኗቸውን ዋና ዋና ተግባራት በዝርዝር ይግለጹ» ይላል፤ ከሥሩ ገጽ ሙሉ ክፍት ቦታ ተትቷል። አክስቴ በዚያች ቆንጆ የእጅ ጽሑፏ እንዲህ ጻፈች፦ «የታዘዝኩትን እሠራለሁ። በቀረው እግዚአብሔር ይረዳኛል።»

«አክስቴ፣ ይኼ ይበቃል?» አልኳት እየፈራሁ።

«ምን ጎደለው?»

«ለሰዎቹ የምታነቢላቸውስ? ያንን አልጻፍሽውም።»

«እሱ እኮ ጨዋታ ነው፣ ልጄ። ሰው መጣ፣ ተቀመጠ፣ አነበብኩለት። ይኼ ምኑ ይጻፋል?»

ልሟገታት አልደፈርኩም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ምስክርነት የሚሰጥ ሰው የሆነለትን ሁሉ በዝርዝር ተርኮ፣ በመጨረሻ «ክብሩ ለጌታ ይሁን» ብሎ ይቀመጣል። አክስቴ ግን ከመጨረሻው ትጀምርና እዚያው ታቆማለች። በጉባኤ ፊት ራስን ማሞገስ ለእርሷ ያለ ነጠላ መውጣት ነው።

ውጤቱ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ቀድሞ ያነበበው የጽሕፈት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ዳኘ ነበር። ጎረቤታችን ስለሆነ የሆነውን የነገረኝም እርሱ ነው። ወደ ክፍሏ ገብቶ፣ «ገነቴ፣ ሸኘንሽ!» አላት።

«ወዴት?»

«ወደ አስተዳደር። ‹ጠቅላላ የጽሕፈት አገልግሎት› ብለውሻል። ከመኪና መዝጋቢዎቹና ከመጋዘኑ ልጆች ጋር አንድ ክፍል ገብተሽ የመጣልሽን ስትተይቢ ልትውዪ ነው። እዚህ ማንም አይቀመጥም፤ ጽሑፍ ካለ በፖስተኛ ይላክላታል ይላል።»

«ባለጉዳዮቹስ?»

«እነሱን ደግሞ በፖስታ እንልካቸዋለና!»

ሳትስቅ ቀረች ብሎኛል፤ ጋሽ ዳኘ በቀልዱ የማይሳቅለት ቀን ስለሌለ ይህን አይረሳውም። ማታ እራት ላይ ደግሞ ለእኔ፣ «ደረጃው ይቅርብኝ፤ ወንበሩን ግን…» አለችና ጎመኑን ወደ እኔ አስጠጋችው። ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰችውም።

ቅሬታ ማቅረብ እንደሚቻል የነገሯት ብዙዎች ነበሩ። አይሆንም አለች፤ «ከአለቃ ጋር አልካሰስም» ብላ እቃዋን በካርቶን መሰብሰብ ጀመረች። ሐሳቧን ያስለወጠቻት አንዲት አሮጊት ናት። ያን ቀን ካርቶኑን ላግዛት ሄጄ ስለነበር ይህን ያየሁት ራሴ ነኝ።

አሮጊቷ የሟች ባሏን ይዞታ የባሏ ወንድም ስለያዘባት አቤቱታ ልታስጽፍ የመጣች ነበረች። አክስቴ እቃዋን ስትሰበስብ አይቶ፣ ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣው ወጣቱ ዐቃቤ ሕግ ታዴዎስ ላግዝ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠ። ትሑት ልጅ ነው።

«የባልዎ ሙሉ ስም ማን ነበር፣ እማማ?»

አሮጊቷ አማርኛ ጥቂት ጥቂት ትሰማለች፤ የባሏን ስም ነገረችው።

«የአባታቸውስ ስም?»

ዝም አለች።

«የአባታቸውን ስም አያውቁትም?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይንገሩኝ።»

የነጠላዋን ጫፍ ወደ አፏ አስጠጋች። ታዴዎስ ጥቂት ጠብቆ፣ ግራ እንደ ገባው፣ «ሙሉ ስም ሊገልጹ አልቻሉም» ብሎ ጻፈ።

የባል አባት ስም በከምባታ ያገባች ሴት አፍ አይገባም። ባሊሻ ይሉታል፤ አማትን የማክበር ልማድ ነው። በእኔ ዕድሜ ያሉት እየተዉት ቢሆንም፣ አሮጊቶቹ ዛሬም አማታቸው ሞተው እንኳ ስማቸውን አይጠሩም። አክስቴ ካርቶኑን አስቀመጠች። ወንበር ስባ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠችና በመስኮቱ አንገቷን አውጥታ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡ አንድ የአሮጊቷን መንደር ሽማግሌ በከምባትኛ ጠራቻቸው። ሽማግሌው በራፉ ላይ ቆመው ስሙን ተናገሩ።

«እሳቸው ያሉት ነው፣ እናቴ?» አለች አክስቴ።

አሮጊቷ ዓይኗን ወደ መሬት አድርጋ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

ታዴዎስ የጻፈውን አጠፋ። «ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እማማ» አለ፤ አክስቴ ተረጎመችላት። አሮጊቷ በከምባትኛ አንድ ነገር መለሰችለትና አክስቴ አፏን ይዛ ሳቀች።

«ምን አሉኝ?»

«‹አንተ ምን ታድርግ፤ ገና አማት የለህም› ነው የሚሉዎት።»

አቤቱታው ተጻፈ፣ ተነበበ፣ አውራ ጣት ተነካበት። አሮጊቷ ልትወጣ ስትል በእጇ የአክስቴን ጉልበት ይዛ የጠየቀችው ነገር ግን ሳቁን አጠፋው። «ለሚቀጥለው ቀጠሮ ስመጣ አንቺን አገኝሻለሁ ወይ?» ነበር ጥያቄው። አክስቴ እጇን ያዘች።

በዚያው ማታ ወረቀት አምጪልኝ አለችኝ። የቅሬታ ማመልከቻዋ አንድ መስመር ነበር፦ «ከወንበሬ እንዳልነሣ በትሕትና እጠይቃለሁ።»

ቅሬታው የተሰማው በወረዳው የስብሰባ አዳራሽ ነው። ሰብሳቢው አቶ አሳምነው፣ ዕድሜያቸው ለጡረታ የቀረበ፣ ድምፃቸው ወፍራም ሰው ናቸው። ከሰው ሀብት ደግሞ ወይዘሮ ሐዳሳ ነበረች። ታዴዎስ በምስክርነት ተጠርቷል። ጋሽ ዳኘ ማንም ሳይጠራው በሩን ተደግፎ ቆሟል። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር።

ሥራው ሊጀመር ሲል አቶ አሳምነው ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «ቃለ ጉባኤ ያዡ የት አለ?»

«ለቅሶ ሄዷል» አለች ሐዳሳ። «የአጎቱ ሚስት አርፋ።»

«ታዲያ ማን ሊይዝልን ነው?»

ሁሉም ወደ አንድ ሰው ዞረ። አክስቴ እስኪገባት ድረስ ጥቂት ቆየች። «የራሴን ጉዳይ?» አለች ደንግጣ።

«ሰው ያላለውን ጨምረሽ ጽፈሽ ታውቂያለሽ?» አሏት አቶ አሳምነው።

«ኧረ አላውቅም።»

«ቀንሰሽስ?»

«አላውቅም፣ ጌታዬ።»

«እንግዲያው ተቀመጭና ጻፊ።»

እንዲህ ሆኖ አክስቴ ለራሷ ቅሬታ ራሷ ጸሐፊ ሆነች። አቶ አሳምነው ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ «አመልካች፣ ሥራሽን በዝርዝር አስረጂ» አሉ። አክስቴ መጀመሪያ ጥያቄውን ጻፈች። ቀጥሎ ራሷን ቀና አድርጋ፣ «በቅጹ ላይ ያለው ነው» አለችና ይህንንም ጻፈች።

«ሌላ የለም?»

«የታዘዝኩትን እሠራለሁ።»

ታዴዎስ በእጁ ፊቱን ሸፈነ። እኔም ተስፋ ቆረጥኩ። ያን ጊዜ ነው ከበሩ በኩል፣ «ይቺ ሴት እንኳን ሥራዋን ሕመሟንም አትናገርም!» የሚል ድምፅ የመጣው።

«አንተ ማን ነህ?» አሉ ሰብሳቢው።

«ዳኘ፣ ጥበቃ። በር ላይ ስለምቀመጥ የሚገባውን ሰው ፊት ሲገባም ሲወጣም አየዋለሁ። ሌላ ቢሮ ሄዶ የሚወጣ ሰው ወረቀቱን ይዞ፣ ‹ምን ይላል?› ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። ከእሷ ዘንድ የወጣ ሰው አይጠይቀኝም። ሁሉም ቢሮ እንደ እሷ ቢሆን ኖሮ እኔ የማነብለት ሰው አላገኝም ነበር።»

ሳቅ ሆነ። አቶ አሳምነው ግን አልሳቁም። «ቀጥል» አሉት።

ጋሽ ዳኘ ወንበሩ በጎን እንደሚቀመጥ ተናገረ። ታዴዎስ ተነሥቶ የአሮጊቷን ነገር፣ እርሱ የጻፈውንና ያጠፋውን መስመር ጭምር ሳይደብቅ ተናገረ። አክስቴ በተባለው ቁጥር ትጽፋለች። አንገቷ እስከ ጆሮዋ ድረስ ቀልቷል፤ እጇ ግን አልቆመም።

«አመልካች፣ የተባለው እውነት ነው?» አሏት አቶ አሳምነው።

ቀና አላለችም። ዓይኗ ወረቀቱ ላይ እንዳለ በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች።

«ነቀነቀች!» አለ ጋሽ ዳኘ። «ጻፊዋ እንግዲህ!»

«አመልካች ራሷን በመነቅነቅ አረጋግጣለች» ብላ ጻፈች።

አቶ አሳምነው እስክሪብቷቸውን አውጥተው ሊፈርሙ ወረቀቱን ወደ ራሳቸው ሳቡ። አክስቴ የወረቀቱን ጫፍ በጣቷ ያዘችው። ሳታስበው ነው፤ ለዓመታት እንደ ለመደችው።

«ያልተነበበ አይፈረምም፣ ጌታዬ» አለች።

ይህን ካለች በኋላ ምን እንዳለች ገባት። አቶ አሳምነው ቀስ ብለው እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «ልክ ብለሻል። አንብቢ።»

ቆማ አነበበች። መጀመሪያ ላይ ድምፅዋ ለእኔ አልደረሰኝም። የጋሽ ዳኘን ቃል ስታነብ ጥቂት ከፍ አለ። «…ከእሷ ዘንድ የወጣ ሰው አይጠይቀኝም» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች። ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ያቺን አሮጊት መሰለችኝ። ከዚያ ነጠላዋን መልሳ ለቀቀችውና እስከ መጨረሻው፣ ስለ ራሷ የተባለውን ሁሉ፣ በገዛ ድምፅዋ አነበበች። ሲያልቅ እንደ ልማዷ፣ «እንዲህ ብላችኋል?» ብላ ጠየቀች። ብለናል አሉ። ፈረሙ።

ውሳኔው ወዲያው አልመጣም። ሲመጣም ታዴዎስ የተመኘላትን ያህል አልነበረም፤ ደረጃዋ ከፍ ያለው በአንድ ብቻ ነው። መደቡ ግን ከፍትሕ ጽሕፈት ቤቱ እንዳይነሣ ተወሰነ፤ ስሙም «የሕግ ጉዳዮች ሴክሬታሪ» ተባለ። አዲሱን የሥራ ዝርዝር ለማስፈረም ሐዳሳ ራሷ ወደ አክስቴ ክፍል ስትመጣ እኔም እዚያ ነበርኩ። አክስቴ እስክሪብቶ አነሣች።

«ቆይ እንጂ» አለች ሐዳሳ። ከባለጉዳዩ ወንበር ላይ፣ ከአክስቴ ጎን ተቀመጠችና ዝርዝሩን ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ክስ መተየብ፣ መጥሪያ ማውጣት፣ ቃል መቀበል። በመጨረሻው መስመር ላይ በየዝርዝሩ የሚጻፈው «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን ታከናውናለች» የሚለው ነበር። ከእርሱ በፊት ግን ሌላ መስመር ገብቷል፦ «የተጻፈውን ለባለጉዳዩ በሚሰማው ቋንቋ ታነባለች፤ ማረጋገጫውን በቃልም ሆነ በአክብሮት ልማዱ ትቀበላለች።»

«ትክክል ነው?» አለች ሐዳሳ።

አክስቴ ራሷን ነቀነቀች።

«በአፍሽ በይው!» አለ ጋሽ ዳኘ ከበሩ ላይ። «ይኼ እኮ የአማትሽ ስም አይደለም!»

አክስቴ ወደ መስኮቱ ተመለከተች። ዝናቡ ጀምሮ ስለነበር በአግዳሚው ላይ ያሉት ሰዎች ወደ መሐል ተጠጋግተው ነበር፤ ያቺ አሮጊትም ለቀጠሮዋ መጥታ ከመሐላቸው ተቀምጣለች።

«ሥራዬ ነው» አለች አክስቴ። ፈረመችና አሮጊቷን ልትጠራ ተነሣች።