እናቴ ያልጾመችበት ፋሲካ

በጃንሆይ ዘመን ነቀምቴ ስንኖር፣ አያቴ ለፋሲካ ከጊምቢ በጭነት መኪና ይመጡ ነበር። የአባቴ አባት ናቸው፤ ሁዳዴን አጥብቀው ይጾማሉ። አንድ ዓመት ግን እናቴ ወደ ሚሲዮኖቹ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀምራ ጾሙን ትታው ነበር። አባቴ "አባባ እንዳይሰሙ!" ብሎ ሁላችንንም አስጠንቅቆናል።

የፋሲካ ዕለት ጠዋት ዶሮ ወጡ ቀርቦ አያቴ ከባረኩ በኋላ ወደ እናቴ ዞሩ።

"ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ጾሙ አልከበደሽም?"

አባቴ በዓይኑ ለመናት።

"አባባ፣ ዘንድሮ አልጾምኩም" አለች እናቴ። "አሁን የምጸልየው ሚሲዮን ነው።"

አያቴ እጃቸውን ከመሶቡ መለሱ። ተነሥተው ጓሮ ወጡ።

"ለዛሬ እንኳ ዝም ብትዪ ምን ነበረበት?" አላት አባቴ። ወጡ ማንም ሳይነካው ቀዘቀዘ። እኔ አያቴ ከዘራቸውን አንሥተው ወደ ጊምቢ የሚመለሱ መስሎኝ አለቀስኩ።

ብዙ ቆይተው ገቡና ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። እናቴን ትክ ብለው አዩዋት።

"የጾምኩት እኔ ነኝ፤ በይ መጀመሪያ እኔን አጉርሺኝ።"

አጎረሰቻቸው።

ስለ ሃይማኖቷ ዳግመኛ አላነሡባትም። አባቴ ግን ቀኑን ሙሉ አላናገራትም።