በረዶ ቤት ያደረው አንቲቦዲ

ለመመረቂያ ጥናቴ ከአዲስ አበባ ወደ መካነ ሰላም ይዤው የሄድኩት አንቲቦዲ ከጣት አንጓ በማትበልጥ ብልቃጥ ውስጥ ነበር። ቁንጭር የሚባለውን የቆዳ ቁስል የሚያመጣው ተውሳክ ሽፋኑ ላይ ፕሮቲን የሚቆራርጥ ኢንዛይም አለው፤ አንቲቦዲው እሱን ፈልጎ ይጣበቅበታል፣ በማቅለሚያው ቡናማ ሆኖ ይታያል። መቀዝቀዝ አለበት እንጂ መርጋት የለበትም። ያስቀመጥኩት ከዓረብ አገር በተመለሰችው አከራዬ ፍሪጅ ውስጥ ነው።

ቁርኣን የሚያቀሩ አንድ ሼህ ልጃቸውን በበቅሎ ከከላላ ይዘዋት ወደምሠራበት ጤና ጣቢያ መጡ። ጉንጯ ላይ ለወራት ያልሻረ ቁስል አለ። ሰው የሥጋ ደዌ ነው ብሎ አስወራባትና የእጮኛዋ ወገኖች ቁርጡን እስኪሰሙ ኒካሁን አቁመውታል። ቁንጭር ከሆነ ግን ታክማ ትድናለች፣ ኒካሁም ይታሰራል።

ናሙናዋን መረመርኩ። ቡናማ የሚባል ነገር የለም። አስቀድሜ አንቲቦዲውን ቁንጭር እንዳለበት በተረጋገጠ ናሙና መፈተን ነበረብኝ፤ ጠብታ ለመቆጠብ ብዬ ዘለልኩት። ያኔ ራሴን እንደ ሊቅ ነበር የምቆጥረው። ቁንጭር አይደለም አልኳቸው። ሼሁ እንግዲያ ያ የሚወራው ነው ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ዝም አልኩ። ዝምታዬን እንደ መልስ ወስደው ወደሚያድሩበት ዘመድ ቤት ሄዱ።

ማታ ለአከራዬ ስነግራት ለልጅቱ አዘነች። ከዚያ እኔን ልታጽናና ፈለገች።

«አብሽር፣ መድኃኒትህ እንኳ ደህና ነው። ባለፈው መብራት ሲጠፋ እንዳይበላሽብህ ብዬ በረዶ ቤቱ ውስጥ አሳድሬዋለሁ።»

ረግቶ ነበር ማለት ነው። ጠዋት በተረጋገጠው ናሙና ሞከርኩት፤ እሱም ቡናማ አልሆነም። አንቲቦዲው ሞቷል። ዘመድ ቤት ስሄድ ወጥተዋል አሉኝ። ከላላ ከገቡ ያ ወሬ በእኔ ቃል ሊጸና ነው። በከላላ መንገድ ሮጥኩ፤ በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

ከከተማው መውጫ ደረስኩባቸው። ገበያተኛ ቆሞ ይሰማል፤ አፈርኩ፣ ግን ተናገርኩ። ምርመራው የተበላሸ እንደነበረ፣ ቁንጭር ይሁን አይሁን እንደማላውቅ ነገርኳቸው፤ አዲስ ናሙና ወስጄ አዲስ አበባ ላስመርምር ብዬ ለመንኳቸው።

«ትናንት አውቃለሁ አልክ፣ አመንኩህ» አሉ ሼሁ። «ዛሬ አላውቅም ትላለህ። የቱን ልመንህ?»

ልጅቱ ከበቅሎዋ ወረደች።

«አባ፣ አገሩ ሁሉ አወቅን ብሎ ፈረደብኝ» አለች። «አላውቅም ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

አባቷን ሳትጠብቅ ወደ ከተማው መመለስ ጀመረች።