የሳይማ የአጥንት መደብ

በሌህቶቫራ መንደር እንደ ሳይማ ዕጣ የጠመመባት ሴት የለችም ይባላል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ፣ የአዳኞቹ ማኅበር አጋዘን በጣለ ቁጥር ለእሷ የሚደርሳት አንገትና ቅልጥም ነው። ሌላው ጭቅናውን፣ ሽንጡን፣ ታፋውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ሲሄድ እሷ አጥንቷን ሳንቃ ላይ ጭና በረዶው ላይ እየጎተተች ታዘግማለች። ያየ ሁሉ ከንፈሩን ይመጥላታል። እሷም ከንፈር ሲመጠጥላት አንገቷን ደፋ ታደርጋለች፤ ቤቷ ገብታ በሯን ስትዘጋ ግን የወንበር መደገፊያ ይዛ በሳቅ ትንፈቀፈቃለች።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሳይማ አጭበርባሪ ናት። የስልሳ ስምንት ዓመት፣ ደንዳና፣ ጉንጯ የቀላ፣ መንደሩ ሁሉ የሚያከብራት አጭበርባሪ።

ቅርጫው እንዲህ ነው የሚካሄደው። የወደቀው አጋዘን በማኅበሩ መጋዘን ወለል ላይ በአሥራ አራት መደብ ይደረደራል። አንድ ሰው ጀርባውን ለሥጋው፣ ፊቱን ለግድግዳው ይሰጣል። ሌላው በዱላ አንዱን መደብ ነካ አድርጎ «ይሄ የማን ነው?» ይላል። ግድግዳ የሚያየው ሰው ከአባላቱ የአንዱን ስም ይጠራል፤ መደቡም የዚያ ሰው ይሆናል። አያቶቻቸውም እንዲሁ ሲካፈሉ ኖረዋል፤ በዕጣው አኩርፎ የሄደ አለ ሲባል ተሰምቶ አያውቅም። ምክንያቱም ማንም አያጭበረብርም። በዚህ ዕጣ መጫወት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከማፏጨት የባሰ ነውር ነው።

ጀርባዋን የምትሰጠው ሳይማ ናት። ሠላሳ ዓመት በትምህርት ቤት ወጥ ቤት ያገለገለች፣ ርዕሰ መምህሩ ላይ ሳይቀር «ሳህንህን ሳትጨርስ አትነሳም» ብላ ያፈጠጠች ሴት ስለሆነች ሊጠረጥራት የሚደፍር የለም። ባሏ ሬይኖ ሲሞት ማኅበሩ ድርሻውን ለእሷ አስቀረላት፤ እሷም በአደን ሰሞን ለአዳኞቹ ሾርባ ትሠራላቸዋለች። ዱላውን የሚይዘው ደግሞ ጎረቤቷ ቬይዮ ነው። ቬይዮ ሚስት ሳያገባ ዕድሜውን በእንጨት ቆራጭነት የፈጀ፣ ረጅም፣ ከሲታ፣ ቃል እንደ ቁንዶ በርበሬ ቆጥቦ የሚያወጣ ሰው ነው። ዱላው የአጥንቱ መደብ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ይጠርጋል። እሷም «ሳይማ!» ትላለች። ከዚያ ዞር ብላ መደቧን ስታይ ሁለት እጇን ታጨበጭባለች።

«ደግሞ አጥንት! ምነው፣ እግዜር ከኔ ሌላ ሰው አያውቅም?»

ለምን አጥንት ፈለገች? ምክንያቱ ሆዷ አይደለም። ጭቅና መጥበሻ ላይ ጣል ተደርጎ በሦስት ደቂቃ ይደርሳል። አንገትና ቅልጥም ግን አራት ሰዓት ይፈልጋሉ። ሬይኖ በሞተ ዓመት፣ ብርዱ ሲጠና፣ ቬይዮ ማንም ያልፈለገውን አጥንት ይዞላት መጣና በሩ ላይ ቆመ። እሷም ብረት ድስቷን ጣደች። ሥጋውን በቅቤ እስኪጠቁር አገላበጠችው፤ ሽንኩርትና ካሮት ጨመረች፣ ያልተፈጨ ቁንዶ በርበሬ ጣለችበት፣ ውሃ አፍስሳ ከደነችው። እስኪበስል ቬይዮ ተቀመጠ። አራት ሰዓት ሙሉ። በዚያ መሃል ሲጢጥ የሚለውን መሳቢያ ጠገነላት፣ ቢላዋዎቿን ሳለ፣ ካርታ ተጫወቱ፤ እሷ አጭበርብራ አሸነፈች። በሚቀጥለው እሁድም መጣ። ከዚያ ወዲህ ክረምት በገባ ቁጥር እሁድ ረፋድ ላይ ቬይዮ በሯን ያንኳኳል፣ ወጡ ይጣዳል፣ ካርታው ይበተናል። ለምን እንደሚመጣ ጠይቃው አታውቅም። እሱም ተናግሮ አያውቅም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነው ነገሩ። እሷ ግን በልቧ የምትለው አንድ ነገር ነበር፤ አጥንቱ ከቀረ ወጡ ይቀራል፣ ወጡ ከቀረ ቬይዮ ይቀራል። ስለዚህ ትሰርቃለች።

ችግሩ ማለቃቀሱን አበዛችው።

ዘንድሮ ኅዳር ውስጥ፣ በረዶው ጉልበት በደረሰበት ቅዳሜ፣ አንድ ግዙፍ ኮርማ አጋዘን ወደቀ። ዕጣው እንደ ወትሮው ተጀመረ። ቬይዮ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሳይማ ስሟን ጠራች፣ ዞራ እጇን አጨበጨበች፣ እግዜርን ወቀሰች። ሁሉም ተጠርቶ ሲያልቅ የማኅበሩ ሊቀመንበር ታውኖ ኮፍያውን አወለቀ። ታውኖ ኮፍያውን ካወለቀ ንግግር ሊያደርግ ነው ማለት ነው።

«ሳይማ» አለ፣ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጥንት ስትግጪ ዝም ብለን አየን። እኔ በበኩሌ አፍሬአለሁ። ተመካክረን ወስነናል። ዛሬ ጭቅናው ለማንም ይድረስ ለማን፣ ያንቺ ነው።»

ሳይማ ክው አለች። «ኧረ በፍጹም! ዕጣ ዕጣ ነው። አያቶቻችን ምን ይላሉ?»

«አያቶቻችን እንዳንቺ ያለ ዕድለ ቢስ አላጋጠማቸውም።»

ጭቅናው የደረሰው ኢልሞ የሚባል ወጠምሻ ነበር። ሥጋውን ብድግ አድርጎ እቅፏ ውስጥ አስቀመጠላት። «እንኪ፣ ሳይማ። ያንቺን አጥንት ለውሾቼ እወስደዋለሁ።»

ለውሾቼ ሲል እንባዋ ዱብ አለ። የአራት እሁድ ቅልጥም ነው እኮ! ታውኖ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ። «አልቅሺ፣ አልቅሺ። ደስታም ሲበዛ ያስለቅሳል።» ቬይዮ ለዚህ ምክክር አልተጠራም ነበር፤ የማይናገር ሰው ምን ምክር ይጨምራል ብለው ነው የተዉት። ዱላውን ወስዶ ግድግዳው ላይ አስደገፈው። የፈሩት ይደርሳል ማለት እንዲህ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ቬይዮ መጣ። ባርኔጣውን ሳያወልቅ በሩ ሥር ቆሞ ጠረጴዛው ላይ የተጋደመውን ጭቅና አየ።

«ጭቅና» አለች ሳይማ።

«አየሁ።»

«ሦስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።»

«ሦስት» አለ ቬይዮ። ጫማውን ያውልቅ፣ ይመለስ፣ ግራ ገብቶት እግሩን አየ። ሳይማ የሰውዬውን ጫማ አየች፤ ጫማው አፍንጫውን ወደ በሩ ሊያዞር ምንም አልቀረውም። ቢላዋዋን አነሳችና ያንን ለሠርግ የማይገኝ ጭቅና እንደ ድንች ትከታትፈው ጀመር።

«ምን ልትሠሪ ነው?»

«ወጥ።»

«በጭቅና?»

«አዎ፣ በጭቅና! ጫማህን አውልቅና ተቀመጥ!»

ጭቅናን አራት ሰዓት መቀቀል የሙሽራ ቀሚስ ለወለል መወልወያ እንደ ማድረግ ነው። ሠላሳ ዓመት ያበሰለች ሴት ይህን አታጣውም። እያንዳንዱን ቁራጭ ድስት ውስጥ ስትጥል ፊቷን ታጨማድድ ነበር። ቢሆንም ከደነችው። ቬይዮም ካርታውን በወዘ።

ሦስተኛው ሰዓት ሊሞላ ሲል በሩ ተንኳኳ። ታውኖ ነው፤ አንድ ጠርሙስ የቀይ ፍሬ ማርማላታ ታቅፎ፣ የበጎ ሥራውን ፍሬ በዓይኑ ሊያይ መጥቷል። የገጠር ሊቀመንበር ምስጋናውን ካልሰበሰበ እንቅልፍ አይወስደውም።

«ለጥብሱ ማጣፈጫ ነው» አለ ማርማላታውን እያስቀመጠ። «የት አለ? በላችሁት እንዴ?» ደግሞም አየሩን አሸተተ። ከዚያ ማንም ሳይቀድመው ምድጃው ጋ ደርሶ ክዳኑን አነሳ።

በማንኪያ አንድ ቁራጭ አውጥቶ አገላበጠው።

«ይሄ ጭቅናው አይደለም በይኝ።»

«ጭቅናው ነው» አለች ሳይማ።

«ስንት ሰዓት ሆነው?»

«ሦስት ሊሞላው ነው።»

«ሴትዮ፣ ጤና የለሽም? ጠላትሽ እንኳ እንዲህ አያደርገውም! ጥርስሽን አሞሽ ነው?»

ሳይማ ውሸት አላጣችም። ሐኪም ጥብስ ከልክሎኛል የሚለው ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ከወደ ጠረጴዛው አንድ ድምፅ ቀደማት።

«ጉሮሮዬን የምጠርግላት እኔ ነኝ» አለ ቬይዮ።

ታውኖ መጀመሪያ አልገባውም። ሲገባው ወንበር ስቦ ተቀመጠ፤ ኮፍያውንም አወለቀ። ሳይማ የቀረውን ተናዘዘች፤ ዱላውን፣ ጉሮሮውን፣ ጭብጨባውን፣ ሁሉንም።

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት?» አለ ታውኖ።

«አንዱን ዓመት ጉንፋን ይዞት በየመደቡ ያስል ነበር» አለች ሳይማ። «የቱ የኔ እንደሆነ እስክለይ ግድግዳው ላይ ተለጥፌ ላብ አጠመቀኝ።»

«ትስቂያለሽ ደግሞ! እኔ እኮ ላንቺ አዝኜ ሚስቴን ስነተርካት ከረምኩ! ለምን አልጠየቅሽም? ያንን አጥንት ማን ይፈልገዋል? አፍ አውጥተሽ ‹ስጡኝ› ብትዪ ሁላችንም ተሽቀዳድመን እናመጣልሽ ነበር።»

ሌህቶቫራ ውስጥ ሰው ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ጎረቤቱን ባልዲ ከመጠየቅ በረዶ በእጁ ቢያፍስ ይመርጣል። ደግሞስ ሳይማ «አጥንቱን ስጡኝ» ብትል «ለምን?» ይሏታል። «ቬይዮ አራት ሰዓት እንዲቀመጥልኝ» ብላ አሥራ ሦስት ወንድ ፊት ልትናገር ነው? ከዚህስ ስርቆት ይቀላል።

ታውኖ ሳህን ተሰጠው፤ የሚፈርዱበት ሰው ቤትም ቢሆን ምግብ አይገፋም። አላምጦ አላምጦ «ደረቅ ነው» አለ። ሁለተኛ ሳህን ግን ተቀበለ። አፉን ጠርጎ ፍርዱን ሰጠ።

«ከእንግዲህ ጀርባሽን አትሰጪም። አንተም ዱላውን አትነካም። ለሌሎቹ ምንም አልነግርም፤ ሁላችንንም መሳቂያ ታደርጉናላችሁ። አጥንቱ ግን ለኢልሞ ውሾች ነው፤ ዘንድሮም፣ ከርሞም። ይህ ቅጣታችሁ ነው።» ማርማላታውንም መልሶ ታቅፎ ወጣ።

ሳይማ ሳህኖቹን ሰብስባ ማጠብ ጀመረች። አንዱን ሳህን ሦስት ጊዜ አጠበችው። የታጠበ ሳህን ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታ ነበር፤ ሰው ፊቷን እንዲያይባት አልፈለገችም። ከኋላዋ ቬይዮ ጫማውን ሲያጠልቅ ሰማች።

«እንግዲህ አበቃ» አለች። «አጥንት ከሌለ ወጥ የለም።»

«እሁድ እመጣለሁ» አለ ቬይዮ።

«ምን ልትበላ? ሰማኸው አይደል ያለውን?»

ቬይዮ ጉሮሮውን ጠረገ፤ በዚህ ጊዜ ግን የትኛውንም መደብ አላመለከተም።

«ሳይማ፣ እኔ እኮ የአጋዘን ሥጋ አልወድም።»

ሳይማ ዞረች። «ምን አልከኝ?»

«ከልጅነቴ ጀምሮ። ረግረግ ረግረግ ይሸተኛል።»

«አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሦስት ሦስት ሳህን ስትውጥ?»

«መጀመሪያ ሁለት ነበር የምበላው» አለ ቬይዮ። «ሁለት በልቼ ሳቆም ፊትሽን አጠቆርሽው። ከዚያ ወዲህ ሦስት አደረግሁት።»

እርጥቡ ፎጣ በአየር ላይ በርሮ ደረቱን መታው። «አንተ ውሸታም!» ብላ ጮኸች። «አንተ የውሸታም አባት! ስንት አጥንት ነው ላንተ የሰረቅሁት!» ቬይዮ ፎጣውን አንስቶ በጥንቃቄ አጣጠፈው።

ሳይማ እጆቿን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰውዬውን ከጫማው እስከ ባርኔጣው አየችው። ከዚያ በእነዚያ ሁሉ እሁዶች አንድም ቀን ያልጠየቀችውን ጠየቀችው።

«ታዲያ ምንድን ነው የምትወደው?»

ቬይዮ አሰበ። ጥያቄው ረጅም መልስ እንደሚፈልግ ገባውና መልሶ ተቀምጦ ጫማውን ይፈታ ጀመር።