አራተኛው እግር

እኔና ጓደኛዬ ሳሚ የሠራነውን የበር ደወል ለገዢ ልናሳይ ነው፤ ደወሉ ግን አልጮህ አለ። ዲቫይስ ትሪ የሚባል ፋይል አለ፤ ደወሉ ውስጥ ያለችው ቺፕ እያንዳንዱ የብረት እግር ምን እንደሚሠራ የሚጻፈው እዚያ ነው። «ትሪ» በእንግሊዝኛ ዛፍ ስለሆነ እኛ በአጭሩ «ዛፉ» እንለዋለን። ከፒያሳ በሚወርድ ታክሲ ውስጥ ሆኜ፣ ደወሉ ጋ ላለው ሳሚ በስልክ ጮኽኩ፦

«ሳሚ፣ ዛፉ ላይ አራተኛውን እግር እየው! እሱ ነው እንቢ ያለው!»

አጠገቤ የተቀመጡት እናት ደነገጡ። «ውይ! አራት እግር ያለው በሬ ዛፍ ላይ ምን ሊሠራ ወጣ?»

«በሬ አይደለም እማማ፣ አርባ እግር ነው ያለው» ብዬ ላስረዳ ስጀምር ታክሲው ሙሉ ሰው ዞረብኝ።

እማማ ስልኬን ነጠቁኝ። «ሳሚዬ፣ ወጌሻ ነኝ! ዛፉን ተወውና እግሩን በእጅህ ዳብሰው!»

ትንሽ ቆይቶ ደወሉ በስልኩ ውስጥ አምባረቀ።

«እማማ፣» አለ ሳሚ፣ «ለካ እግሩ ታጥፎ ኖሯል!»