በቬነስ ጉዳይ የተቀመጡ ሽማግሌዎች

ሽማግሌ የሚቀመጠው ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ሸሪኮች ሲካካዱ፣ ወይም ጎረቤት የጎረቤቱን በር በዕቃ ሲዘጋ ነው። በእኔ ላይ የተቀመጡት ግን በቬነስ ምክንያት ነው። አዎ፣ በፕላኔቷ! ያቺው አጥቢያ ኮከብ የምንላት፣ ማልደው ሱቅ የሚከፍቱ ሰዎች ቀና ብለው የሚያዩዋት። መርካቶ ስንቱን አስታርቃለች፤ ሴት ልጅን ከፕላኔት ለማፋታት ስትሰበሰብ ግን ይህ የመጀመሪያዋ ይመስለኛል።

አባቴ እዚያው መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ጃኬት ይሸጣል። እኔ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪዬን ስሠራ የመረጥኩት የቬነስን ከባቢ አየር ነው። ሲነገር እንዴት ያምራል! ሲታይ ግን ከሱቁ በላይ ባለችው ቆጥ ላይ፣ የጃኬት ካርቶን ላይ ተቀምጦ፣ መንኮራኩር የላከቻቸውን የደመና ፎቶዎች እያነጻጸሩ «ይቺ ደመና ከዚህ ተነስታ እዚህ ደረሰች» ማለት ነው። እዚያ ላይ ነፋሱ ጉድ ነው። ፕላኔቷ ራሷ እየተጎተተች ስትዞር፣ የላይኛው ደመና በአራት ቀን ገደማ ዙሪያዋን ይጨርሳል። ይህን ያህል ምን እንደሚያስቸኩለው እስካሁን አጥርቶ ያወቀ የለም። የእኔ ድርሻ ከዚህ ሁሉ «አልገባንም» ላይ አንዲት ቁንጣሪ መቀነስ ነው።

እኔ ከላይ ደመና ስከተል ከታች ደንበኛው «የመጨረሻውን ንገረኝ!» እያለ ይጨቃጨቃል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» ይላል፣ አንዱ ደግሞ ጃኬቱን ለብሶ መስታወት ፊት ከቆመ ወዲያ የሚነቃነቅ አይደለም። ኔትወርክ ሲሄድ ቬነስም ትሄዳለች። መብራት ሲጠፋ ደግሞ እኔና የሥልጣኔ ዘመን አብረን ጨለማ ውስጥ እንቀመጣለን።

አባቴ መጀመሪያ ላይ ኮርቶብኝ ነበር። «ልጄ የሰማይ ተማሪ ናት» ይላል፤ ደንበኛውም «ማሻአላህ!» ብሎ በዚያው ዋጋ ያስቀንሰዋል። ሁሉም የተበላሸው እኔ በትክክል ምን እንደማጠና የጠየቀኝ ቀን ነው። «አየሩን» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ።

ይህን ለመረዳት የወንድሜን ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ታላቅ ወንድሜ ደቡብ አፍሪካ ነው። ከመሄዱ በፊት አንድ ቀን ራት ላይ፣ እንጀራውን እየቆረሰ፣ «ጆሃንስበርግ ይበርዳል እንዴ?» ብሎ ጠየቀ። ማናችንም ልብ አላልንም። አባቴ እንዲያውም «እኔ ምን አውቄ!» ብሎ ሳቀበት። ብዙም ሳይቆይ ልጁ ለማናችንም ሳይነግር ሄደ፤ እስካሁንም አልተመለሰም። ለነገሩ መርካቶ ውስጥ ስለማይሄድበት አገር ብርድና ዝናብ የሚጠይቅ ሰው የለም። የቻይናዋን የጓንጁን ዝናብ የጠየቀ ቲኬት ቆርጧል፣ የዱባይን ሙቀት የጠየቀ ሻንጣ ገዝቷል። አባቴ ዕድሜውን በሙሉ ለመንገደኛ ጃኬት ሲሸጥ ይህን ያውቅ ነበር፤ ያመለጠው የገዛ ልጁ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለአረፋ በዓል ቤተሰቡ በሙሉ አገር ቤት ሲወርድ፣ አባቴ በኮንትራት በምንይዘው ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወንበር ባዶ ያስቀራል። «ለዕቃ ነው» ይላል። ዕቃው ግን ጣሪያው ላይ ነው የሚታሰረው። ቤት ውስጥም ከዜና በኋላ የአየር ትንበያ ሲመጣ ወዲያው ጣቢያ ይቀይራል። እንግዲህ በዚህ ቤት ነው እኔ፣ ጎበዟ፣ የአየር ጥናት ይዤ የገባሁት።

ነገሩን ያባሰው ደግሞ የዩኒቨርሲቲ አማካሪዬ ነው። የጀመርኩትን እስከ ዶክትሬት የሚያደርስልኝ ትምህርት እዚህ እንደሌለ ነግሮኝ ውጭ አገር አመለከትኩ፤ እነሱም ነይ አሉኝ። መልስ እየጠበቁ ነው። እኔ ደግሞ ያለ አባቴ ምርቃት ከመሳለሚያ እንኳ ርቄ የማልሄድ ሰው ነኝ። እንዴት አድርጌ እንደምነግረው ሳሰላስል እሱ የጠራቸው ሽማግሌዎች ቀደሙኝ።

ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ሱቁ ውስጥ ተቀመጡ። ሦስት ናቸው። አንደኛው ብርድ ልብስ የሚሸጡት ጎረቤታችን ሐጂ፣ ሁለተኛው ከእህል በረንዳ የመጡ የአባቴ የድሮ ወዳጅ፣ ጋሼ የምላቸው ጤፍ ነጋዴ፤ የሦስተኛው ሥራ «ትክክል!» ማለት ብቻ ነበር። ሥራቸውንም በትጋት ተወጥተዋል።

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «ልጄ፣ ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ ጋሼ።» ስንት ሰው እንደነገረኝ ብነግራቸው ይከፋቸው ነበር። በዚህ አገር ሰማይ አጠናለሁ ያለ ሰው ይህችን ላም ሳያልብ አይመረቅም።

«ትክክል!» አሉ ሦስተኛው።

ሐጂ ቀጠሉ። «ይቺ ቦታ ሰው ይኖርባታል?»

«አይኖርባትም ሐጂ።»

«ንግድስ?»

«የለም።»

«እንግዲህ!» ብለው ወደ ጓደኞቻቸው ዞሩ። ጉዳዩ በእርሳቸው በኩል አልቋል፤ ንግድ የሌለበት ቦታ ለምን እንደተፈጠረ እንኳ አልገባቸውም።

አባቴ እስከዚያ ድረስ ጃኬት ጭኑ ላይ አድርጎ ዚፑን ይከፍታል፣ ይዘጋል። ድንገት ቀና አለ። «መመለሻስ አለው?»

«የቱ አባዬ?»

«የምትሄጂበት ነዋ! አንድ ደንበኛ በስልኩ አሳይቶኛል። ሌላ ፕላኔት ላይ የሚኖር ሰው እየመዘገቡ ነው አሉ። የሄደ አይመለስም አሉ።»

ወይ ጉድ! ለካ ሽማግሌ የጠራው ቬነስ ትሄዳለች ብሎ ነው። ልስቅ ነበር፤ ዚፑን ከቅድሙ አፍጥኖ ሲከፍትና ሲዘጋ አየሁና ሳቄ እዚያው ሞተ። ያጠናውን ቦታ የማይሄድ ሰው አይቶ አያውቅማ።

«አባዬ፣ ቬነስ ማንም አይሄድም። እርሳስ የሚያቀልጥ ሙቀት ነው ያለው።»

«ያቃጥላል?»

«ሌትም ቀንም።»

«አልሐምዱሊላህ!» አለ አባቴ።

ሐጂ ግን «አስተግፊሩላህ» ብለው ትንሽ ፈቀቅ አሉብኝ።

«አየሩ ራሱ ይጨፈልቃል። ጥልቅ ባሕር ሥር እንደመግባት ነው። ደመናው ደግሞ የመኪና ባትሪ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። እዚያ የወረዱት ማሽኖች እንኳ ከሁለት ሰዓት ብዙም ሳይዘልቁ ሞተዋል።»

«ብረቱም አልቻለውም?»

«አልቻለውም።»

«እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ፊቱ በራ። እንዲህ የሚደሰት አድማጭ የትም አግኝቼ አላውቅም፤ መምህሮቼ ይህንኑ ስነግራቸው እያዛጉ ነው የሰሙኝ። አባቴ እጆቹን ዘረጋ። «አላህ የማይኬድበትን ቦታ ሁሉ ያስጠናሽ!»

«አሚን!» አሉ ሐጂ። ጋሼም «አሜን» አሉ። ሦስተኛው «ትክክል!» አሉ።

እዚያ ላይ አፌን ብይዝ ምን ነበረበት? ምርቃቱ ተገኝቷል፣ ሽማግሌ ረክቷል፣ ሻይም ታዟል። ግን ያንን «አሚን» መዋጥ አቃተኝ።

«አባዬ፣ ቬነስ አይኬድም። የሚማሩበት አገር ግን ይኬዳል። ጠርተውኛል።»

ዚፑ ግማሽ ላይ ቆመ። አባቴ የት እንደሆነ አልጠየቀኝም፣ ስንት ዓመት እንደሆነም አልጠየቀኝም። «ደንበኛ መጣ» ብሎ ተነሳ። በሩ ላይ ግን ማንም አልነበረም። ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው «በሌላ ቀን» ብለው ወጡ፤ ሦስተኛው እንኳ ሳይናገሩ ነው የሄዱት።

ከዚያ በኋላ አባቴ አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር። እንደ ወትሮው ሰላም ይለኛል፣ ምሳ በላሽ ወይ ይለኛል፣ የአየር ትንበያ ሲመጣ ጣቢያ ይቀይራል። ተናደድኩበት፤ ወላሂ ተናደድኩበት። እኔ ወንድሜ አይደለሁም፣ ተደብቄ አልሄድኩም፣ ፊት ለፊት ነገርኩት እኮ! ያቺ ባዶ ወንበር ትዝ ስትለኝ ደግሞ አንጀቴን ትበላዋለች። ለጠሩኝ ሰዎች «ይቅርታ፣ አልችልም» የሚል መልስ ጽፌ ጨረስኩ። ሳልልከው ግን ዋለ፣ አደረ።

አንድ ጠዋት ቆጡ ላይ ሆኜ ያንኑ መልስ አፍጥጬ ሳየው መሰላሉ ተንቋቋ። አባቴ ነው። ጉልበቱን ካመመው ወዲህ መሰላል አይወጣም፤ ዕቃ ሲያስፈልገው ከታች ሆኖ ነው የሚጮህብኝ። እያለከለከ ወጣና ወደ እኔ ሳያይ ከጥግ ያለውን ካርቶን ቀደደ። አንዱን ጃኬት አወጣና ገበሩን በጣቶቹ መካከል አሸት አሸት አደረገው።

«ይሄ ለሐምሌ ዝናብ ነው» ብሎ ለራሱ አጉረመረመና ወረወረው። ሌላ አወጣ። እሱንም ወረወረው። ከታች፣ ከሥር የነበረውን፣ ኮፍያው ፀጉር ያለውን ወፍራሙን ሲጎትት ካርቶኖቹ ተንሸራተው እግሬ ላይ ወደቁ። ጃኬቱን ወደ ብርሃን ዘረጋው፣ ስፌቱን አየ፣ ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋው። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ ሳያዞር ጠየቀኝ።

«እዚያ ብርዱ እንዴት ነው?»